ሲጥ የሚለው ማጠፊያ

የሚዋደዱ ሰዎች ለምን ይነቋቆራሉ? ይህን ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ።

ጥያቄው የመጣብኝ ከእህቴ ከስንዱ ጋር ስኖር ነው። እናታችን ስታርፍ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ስንዱ ሃያ ዓመቷ። ያሳደገችኝ እርሷ ናት። ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ደብተሬን በጋዜጣ የምትሸፍንልኝ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የእናታችንን ነጠላ ለብሳ የምትመጣልኝ እርሷ ነበረች። ይሁን እንጂ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ግማሽ ቀን ያለ ንትርክ ያለፈበትን ጊዜ አላስታውስም። እየበላሁ ማንበቤ እርሷን ያናድዳታል፤ ሳነብ ማውራቷ ደግሞ እኔን። ሽንኩርት ስከትፍ «አወፈርሽው» ትለኛለች፤ «አላወፈርኩትም» እላታለሁ፤ ወጡ ይደርሳል፤ እየተነታረክን እንበላለን።

መልሱን በመጻሕፍት ውስጥ ፈለግሁት። ስለ ፍቅር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጠብም ብዙ ተጽፏል። በሽንኩርት አከታተፍ ስለሚጣሉ፣ ግን አንዷ እስክትመጣ ሌላዋ እራት ስለማትቀምስ ሁለት እህትማማቾች የጻፈ ሰው በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንኳ አላገኘሁም። ሰው ደግሞ አልጠይቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁ እጄን ያወጣሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስንዱ አግብታ አዳማ ከገባች በኋላ፣ ለበዓል እርሷ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንደ ልማዳችን ንትርክ ጀመርን። «መጽሐፍ ታቅፈሽ ልታረጂ ነው እንዴ አንቺ ልጅ?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ ብላኛለች፤ ብዙ ጊዜም ስቄ አልፌአለሁ። ያን ቀን ግን ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» አልኳት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። እኔ ስቆጣ ድምፄ ይቀንሳል። ስንዱ ግን ሰማችው። የያዘችውን ጭልፋ ቀስ ብላ አስቀመጠች፣ «እውነትሽን ነው» አለች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን ተነታርከን አናውቅም። በሳምንት አንድ ጊዜ እንደዋወላለን። «ደህና ነሽ?» ትለኛለች። «ደህና ነኝ፤ አንቺስ እትዬ?» እላታለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን።» ይኸው ነው። እኔ ካለሁባት ከአሰላ አዳማ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ አልሄድኩም፤ አልመጣችም። እኔም በልቤ የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁ መሰለኝ፤ የሚዋደዱ ሰዎች ጥቂት ከተናገሩ አይጣሉም።

ዘንድሮ፣ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ ስንዱ ሴት ልጅ ወለደች። ባለፈው ሰኞ ደወለችልኝና ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ መሆኑን ነገረችኝ። «ክርስትናዋ እሑድ ነው፤ ከቻልሽ ብትመጪ ደስ ይለናል» አለችኝ። በእኛ ዘንድ በድግሱ ቀን የሚመጣ እንግዳ ነው። ቤተሰብ የሚመጣው በዋዜማው ነው፤ ጎኑን ታጥቆ፣ ቢላዋ ይዞ። የቀድሞዋ ስንዱ ብትሆን «ቅዳሜ በጠዋት መጥተሽ ሽንኩርቱን ካልከተፍሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ነበር የምትለኝ። አሁን ለእሑድ ጠራችኝ። ያውም «ከቻልሽ» ብላ። እኔም በስልኬ ላይ «እትዬ፣ ሥራ ስለ በዛብኝ አልችልም፤ እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ጻፍኩ። ግን አልላክሁትም። ሦስት ቀን ሙሉ ሳልልከው፣ ሳላጠፋውም ያዝኩት።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የጆሮ ማዳመጫዬ አስቸገረኝ። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የሽማግሌዎች ቃል የተቀረጸበትን ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ማዳመጫው ሙሉ ቀን ከራሴ አይወርድም። ስመረቅ የሰጠችኝ ስንዱ ናት። ጆሮ ላይ የሚያርፉትን ክቦች በራስ ላይ ከሚያልፈው ቅስት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ማጠፊያዎች ከወር በፊት ሲጥ፣ ሲጥ ማለት ጀመሩ። ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ዞር ባልኩ ቁጥር ሲጥ። አንድ አዛውንት ስለ አባታቸው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ መሐል ላይ ሲጥ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ይዤው ወደ ጋሽ ዘርጋው ሄድኩ።

ጋሽ ዘርጋው ልጅ ሳለን የእጅ ሥራ ያስተማሩን ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ካውያም፣ ሬዲዮም፣ የተሰበረ መነጽርም ይጠግናሉ። ማዳመጫውን አኖርኩላቸውና «ጋሼ፣ ማጠፊያዎቹን በሙጫ ያጣብቁልኝ» አልኳቸው።

አንሥተው ራሳቸው ላይ አደረጉት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፣ ወደ ግራ አዞሩ።

«ይሰማኛል» አሉ። «ማጣበቁን ምን አመጣው?»

«ካልተንቀሳቀሰ ድምፅ አያሰማም ብዬ ነው።»

«ይህን ብልሃት ከየት አመጣሽው፣ ማስተዋል?» አሉኝ ስሜን ጠርተው።

ዓይን አፋር ሰው ነገሩን ብዙ ዘመን ይሸከምና መጨረሻ ላይ ባላሰበው ቦታ ያወርደዋል። እዚያው ቆሜ፣ የእርሳቸውን ፊት ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካቻቢቴ እያየሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ጭልፋው፣ ስለ «ከቻልሽ»። በመጨረሻም «የሚዋደዱ ሰዎች ለምን ይነቋቆራሉ? ዝም መባባሉ አይሻልም ወይ ጋሼ?» አልኳቸው።

በእግራቸው በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ካቻቢቴውን አነሡና የማዳመጫውን የመጀመሪያ ብሎን እየፈቱ እንዲህ አሉኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው መስማት ነበር። በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ዘመድ የጠፋባቸው ሰዎች ያስቀረጹትን መልእክት ያዳምጣል። ያን ጊዜ ድምፅ የሚቀረጸው በቴፕ ክር ላይ ነው። ሰውየው ክሩን እየሰማ ሳሉን፣ ጉሮሮ መጥረጉን፣ ባዶውን ሁሉ በምላጭ እየቆረጠ ያወጣል፤ የቀረውን ቀጥሎ ለአየር ያበቃል። ጣቢያው ክር ስለሚቸግረው ቁራጩ አይጣልም። የማን እንደ ሆነ ይጻፍበትና በቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲበዛ ይቀጣጠልና ሌላ ድምፅ ይቀረጽበታል።

ለዚህ ሥራ የነበረው ማዳመጫ አንድ ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር ላይ ከኖረው ሰው ወርሶታል። ደህና ማዳመጫ ነበር። ከዘመን ብዛት ግን ማጠፊያው ሲጥ ማለት ጀመረ። ሰውየው ጎንበስ ሲል ሲጥ፤ ቀና ሲል ሲጥ።

ባልደረቦቹን እየጠራ «ይህ ነገር አይሰማችሁም?» ይላቸው ነበር። ማንም አልሰማለትም። አንዱ «ጆሮህ ውስጥ አይጥ ገብታ እንዳይሆን» ብሎ ሳቀበት። ለእርሱ ነጎድጓድ የሆነው ነገር ለጎረቤቱ ምንም አለመሆኑ ገረመው። ሊገርመው ግን አይገባም ነበር። ጆሮ ላይ የተቀመጠ ነገር እንደዚያ ነው።

ወደ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰደው። ሰዓት ሠሪው ማጠፊያውን አጥፎ ዘረጋና «ተወው፤ እፈታዋለሁ፤ ነገ ና» አለው። ሰውየው ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀው። ሰዓት ሠሪው «ሳልፈታው በምን አውቃለሁ?» አለ። መፈታት የሚለውን ቃል ሲሰማ ሰውየው ፈራ። ብሎኑ ይጠፋል፣ ተፈትቶ የነበረውን ያህል አይገጥምም፣ ብሎ አሰበ። ማዳመጫውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተመለሰ።

መጀመሪያ ከቤቱ የምግብ ዘይት አምጥቶ ጠብ አደረገበት። አንድ ሳምንት ጸጥ አለ። ከዚያ ዘይቱ አቧራ ያዘና ከቀድሞው ባሰ። ቀጥሎ አንገቱን ላለማንቀሳቀስ ተለማመደ። ቀኑን ሙሉ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስትጠራው በመላ ሰውነቱ ይዞራል። ሚስቱም «ዛሬም ከአንገትህ ጋር እንደ ተጣላህ ነው?» ትለው ነበር። በመጨረሻ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ሙጫ ገዝቶ ሁለቱንም ማጠፊያዎች ሞላቸው። እስኪደርቅ ጠበቀ። አጠለቀው። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ጸጥታ። ወደ ግራ ዞረ፤ ጸጥታ። ያን ቀን ለባልደረቦቹ ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

ሰውየው ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። ማጠፊያ ለምን እንደ ተሠራ አላወቀም። የሰው ራስ ሁለት ጎኑ እኩል አይደለም። ማጠፊያ የተሠራው ክቡ የሰውን ራስ ቅርጽ ተከትሎ ጆሮን ልክክ አድርጎ እንዲይዝ ነው። ማጠፊያው በሙጫ ከደረቀ በኋላ የግራው ክብ ከጆሮው ትንሽ ራቅ ብሎ ቀረ፤ የጥፍር ውፍረት ያህል። ጮክ ብሎ የተነገረው ሁሉ እንደ ቀድሞው ይገባል። ቀስ ተብሎ የተነገረው በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። ሰውየውም አልጎደለብኝም ይላል። ያልሰማውን ነገር አለመስማቱን ሰው በምን ያውቃል?

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ሴት ከሩቅ አገር መጥታ መልእክት አስቀረጸች። የምትፈልገው ታናሽ እህቷን ነበር። ነገሩ የጀመረው በአንድ ቀሚስ ነው። ታናሽየዋ የታላቋን የክት ቀሚስ ሳታስፈቅድ ለብሳ ሠርግ ሄደች። ታላቅየዋ ተከትላ ሄዳ በሰው ፊት ሰደበቻት። ልጅቷ በዚያው ቀሚስ፣ ከዚያው ሠርግ ቤት እንደ ወጣች አልተመለሰችም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ሴትየዋ ስሟን፣ የእህቷን ስም፣ አገሯን፣ የጠፋችበትን ዘመን ከወንዝ ማዶ ሰው እንደሚጠራ ሰው ጮክ ብላ ተናገረች። ከዚያ ዝም አለች። ሰውየው ባዳመጠ ጊዜ ከዚህ በኋላ ባዶ ክር ሆነበት። ባዶውን ቆረጠ፤ ስሟን ጻፈበት፤ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለው። መልእክቱም ለሦስት ሳምንት ተላለፈ።

ታናሽየዋ ሰምታዋለች። በአንድ ሩቅ ከተማ ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ይቺ አንቺ አይደለሽም?» ሲላት «አይደለሁም» አለች። ለብቻዋ ስትሆን «ቀሚሷን ፍለጋ ነው» አለች፤ ሳቀችም አለቀሰችም። አልሄደችም።

ሰባት ወር አለፈ። ሴትየዋ ጣቢያው በር ላይ መጣችና የሚሰማውን ሰውዬ አገናኙኝ አለች። ሲያገናኟትም መልእክቷን ሙሉውን እንዳላሰሙላት ነገረችው። ሰውየው ቅር አለው።

«እትዬ፣ ሙሉውን ነው ያሰማነው» አላት።

«የመጨረሻዋንስ?»

«የትኛዋን የመጨረሻ?»

«ቀስ ብዬ ያልኳትን።»

ሰውየው ቶሎ ሊሸኛት ፈልጎ ቆርቆሮውን ገለበጠ። ስሟ የተጻፈበትን ቁራጭ አገኘ፤ በማሽኑ ላይ አዞረው፤ ማዳመጫውን አጥልቆ ሰማ። ሽ… ከሚል በቀር ምንም የለም። «ይኸው፣ ባዶ ነው» አላት።

ሴትየዋ አልተንቀሳቀሰችም። «ባዶ አይደለም» አለችው። «እኔ እዚያ ነበርኩ።»

መልሶ አዞረው። ተናዶም ይሁን አፍሮ፣ በዚህ ጊዜ የግራውን ክብ በመዳፉ ጫን አደረገው። ቀዳዳዋ ተዘጋች። ከዚያ ሽ… ከሚለው ሥር አንድ ድምፅ መጣ፤ ለሰው ሳይሆን ለራስ እንደሚነገር ዓይነት ድምፅ።

«ደግሞ… አልተቀየምኳትም በሏት። ቀሚሱም የሚያምረው ለእርሷ ነው።»

ሰውየው እጁን አነሣ፤ ሽ አለ። ጫነው፤ ሴትየዋ ተናገረች። አነሣ፤ ጫነ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ሴትየዋን እዚያው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ፣ ማዳመጫውን ይዞ ወደ ሰዓት ሠሪው ሄደ። «ፍታልኝ» አለው።

«መጀመሪያም ብዬህ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

ሙጫውን ፈልፍሎ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀ። ማጠፊያው ሲከፈት ውስጡ ጸጉር ነበር፤ ደርቆ ጨው የሆነ ላብ ነበር፤ የልብስ ብናኝ፣ ዘይት የያዘው አቧራ። ሰውየው አፈረ። ይህ ሁሉ የእርሱ እንደ ሆነ ጠየቀ። ሰዓት ሠሪውም «ያንተም አለበት፤ ካንተ በፊት የነበረው ሰውም አለበት። እድፍ ይጠረጋል እንጂ ለየባለቤቱ አይከፋፈልም» አለው። በአልኮል ጠረገው። ከዚያ የጽሕፈት እርሳስ አወጣ፤ ጥቁሩን በምላጭ ፍቆ ዱቄቱን ማጠፊያው ላይ አሸው፤ ገጣጠመው፤ ብሎኑን አጠበቀና መልሶ ትንሽ አላላው።

ሰውየው «ከእንግዲህ ሲጥ አይልም አይደል?» አለ።

«ይላል እንጂ» አለው ሰዓት ሠሪው። «መንፈቅ ሲሆነው ይላል። ያን ጊዜ ና፣ እንፈታዋለን። የማትፈልገው ሲጥ ማለቱን ከሆነ ግን አውልቀህ ስቀለው፤ የተሰቀለ ማዳመጫ ሲጥ አይልም።»

ሰውየው ተመለሰ። ቁራጯን ከመልእክቱ ጫፍ ቀጠላት፤ እንደገና ተላለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ጣቢያው በር ላይ መጥታ ስሟን ተናገረች። ለታላቅየዋ መልእክት ተላከላት። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተገናኙ፤ ተንሰቀሰቁ፤ የጣቢያው ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ቆሞ አብሮ አለቀሰ። ከዚያ ታላቅየዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እህቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ለመሆኑ ቀሚሴስ?» አለቻት።

«ኧረ አለቀ፤ ስንት ዓመት ለበስኩት።»

«እንዲያ ያለ ቀሚስ ያልቃል? ምን አድርገሽ ብታጥቢው ነው?»

«እንዳንቺ በድንጋይ አልቀጠቀጥኩትም።»

ስለ ልብስ አስተጣጠብ እየተነታረኩ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ማን ጓዙን እንደሚይዝ በር ላይ አንድ ጊዜ ተጓትተው፣ ወጥተው ሄዱ። ሰውየው በመስኮቱ ቆሞ ንትርካቸው ከጆሮው እስኪርቅ ድረስ አዳመጠ። ከሰማው ድምፅ ሁሉ ቆርጦ ሊጥለው ያልፈለገው ያ ነበር።

ጋሽ ዘርጋው እዚህ ላይ ሲደርሱ የእኔን ማዳመጫ ፈትተው ጨርሰው ነበር። ሁለቱን ማጠፊያዎች በነጭ ወረቀት ላይ አኑረው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የኔው ጸጉር፣ የኔው ላብ፤ ከአንገት ልብሴ የወጣ ቀይ ክርም ነበረበት። የአንገት ልብሱን የሠራችልኝ ስንዱ ናት። ሁለታችንም ነበርንበት ማለት ነው።

ከዚያ ካቻቢቴውን አስቀምጠው ቀጥ ብለው አዩኝ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺና እህትሽ እንዲህ ናችሁ። ሲጥ የሚለው ፍቅር ስለ ጎደለ አይደለም። ሁለት ነገር ተጋጥሞ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ድምፁ ያን ያህል ትልቅ የሚመስልሽም እህትሽ ጆሮሽ ላይ ስለ ተቀመጠች ነው፤ ሩቅ ብትሆን መቼ ትሰሚያት ነበር? ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ የምትባባሉት ሰላም አይደለም። ሙጫ ነው። ጸጥ ብሏል፤ እውነት ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እርሷ ቀስ ብላ የምትለውን አልሰማሽም። አንቺም ቀስ ብለሽ የምትይው አለ፤ እርሷም አልሰማችሽም። ማጠፊያው ውስጥ የገባውን ነገር ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቃል ነው። ፍቺውና ጥረጊው። ማን አመጣው፣ የማን ይበዛል፣ አትበሉ። መንፈቅ ቆይቶ መልሶ ሲጥ ይላል፤ ይበል። ያን ጊዜ መልሰሽ ትፈቺዋለሽ።»

«ደግሞ» አሉ፣ «ከቻልሽ ያለችሽ ባዶ መስሎሻል። እስኪ እጅሽን ጫን አድርጊበት።»

ጫን አደረግሁበት። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ «ከቻልሽ» የሚለውን የስንዱን ድምፅ በልቤ መልሼ አዞርኩት። ያን ጊዜ ከሥሩ ያለውን ሰማሁት። ጭልፋዋን ካስቀመጠችበት ቀን ጀምሮ፣ እናቴ ካልሆነች ምኔ እንደ ሆነች ስትጠይቀኝ ኖራለች። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ደህና ነኝ ስላት።

ጋሽ ዘርጋው ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አውርደው በምላጭ መፋቅ ጀምረው ነበር። ማልቀሴን እንዳላዩ ሆኑልኝ። ከቆየ በኋላ፣ የሚሰማው ሰውዬ እርሳቸው መሆናቸውን ጠየቅኋቸው።

«ምሳሌ ስሙን አይጠየቅም» አሉኝ። «ይልቅ ብሎኗን አቀብይኝ።»

ማዳመጫውን አጥልቄ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ወደ ቀኝ ዞርኩ፣ ወደ ግራ ዞርኩ፤ ምንም አላለም። መንፈቅ ሲሆነው እንደሚል አውቃለሁ። ከመቀመጤ በፊት ግን ስልኬን አውጥቼ «ሥራ ስለ በዛብኝ» የሚለውን መልእክት አጠፋሁት። በምትኩ ሌላ አልጻፍኩም። ከእንግዲህ በጽሑፍ የሚሆን አይደለም።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። የምሄደው እሑድ አይደለም፤ ቅዳሜ ነው፤ በመጀመሪያው መኪና። ሳልደውል፣ ሳላስፈቅድ። ጎኔን እታጠቃለሁ። ቢላዋውን ከማንሣቴ በፊት፣ ጓዳ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ያን ቀን ያልኳትን ቃል ራሴ አንሥቼ፣ እንዳይጠፋባት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያሳደገችኝ እናቴ እርሷ እንደ ሆነች እነግራታለሁ። ስታለቅስ አብሬአት አለቅሳለሁ። ከዚያ ሽንኩርቱን ወደ እኔ አቀርበዋለሁ። «አወፈርሽው» ትለኛለች። እኔም አላወፈርኩትም እላታለሁ።